ጡት ማጥባትና ደም ማነስ፦ ዕዳው ከወሊድ ነው እንጂ ከጡት አይደለም

በአዳማና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይታረዳል። ሥጋው ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሚስኪን ይከፋፈላል። ጉበቱ ብዙ ጊዜ በጉን ላረዱትና ለገፈፉት ወንዶች ጠዋቱን ይጠበሳል። አራሷ ግን ጓዳ ሆና ገንፎና አጥሚቷን ትጠጣለች፤ ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ ደግሞ ከእሷ ጋር ቡና ይጠጣል። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም። ይሁንና በዚያ ቤት ካሉት ሁሉ ደም የፈሰሳት እሷ ናት፤ ከሁሉም በላይ ብረት፣ በተለምዶ አይረን የምንለው ንጥረ ነገር፣ የሚያስፈልጋትም እሷ ናት።

ከወራት በኋላ ይህች እናት ደረጃ ስትወጣ ልቧ ሲመታ፣ ከሱጁድ ስትነሳ ሲያዞራት፣ እንቅልፍ ጠግባም ድካሙ አልለቅ ሲላት በሰፈሩ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ልጁ ደሟን መጦ ጨረሳት።» ከዚያ «ጡቱን አስጥዪው፣ የቆርቆሮ ወተት ጀምሪለት» የሚል ምክር ይከተላል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ሂሳቡ ተሳስቷል። ሂሳቡን አብረን እንየው።

ብረቱ የት ሄደ?

ብረት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን የሚሠራበት ነው። ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ለመላ አካል ያደርሳል። ብረት ሲያንስ ሄሞግሎቢኑ ይቀንሳል፤ ጡንቻውም፣ ልቡም፣ አእምሮውም አየር ያጥረዋል።

አንድ እርግዝና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምሩ 1000 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይፈልጋል። ከዚህ ውስጥ 300 ሚሊግራም ያህሉ ወደ ጽንሱና ወደ እንግዴ ልጁ ይሄዳል። በወሊድ ጊዜ ግማሽ ሊትር ደም የፈሰሳት እናት ደግሞ በዚያች አንድ ቀን ብቻ 200 ሚሊግራም ገደማ ብረት ታጣለች። በሌላ በኩል ጤነኛ ሰውነት ከምግብ ወደ ደም የሚያስገባው በቀን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። በአንድ ቀን የፈሰሰውን ለመተካት ወራት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

አሁን የጡቱን እንመልከት። በጡት ወተት በኩል ከእናት የሚወጣው ብረት በቀን ከአንድ ሚሊግራም ሲሶው ገደማ ነው። የወር አበባ፣ ደሙ በወሩ ቀናት ሁሉ ቢካፈል፣ በቀን ግማሽ ሚሊግራም ያህል ይወስዳል። ጡት ብቻ የምታጠባ እናት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለወራት የወር አበባ አታይም። እንግዲህ ማጥባት ብረት ከማባከን ይልቅ መቆጠብ ይሆናል ማለት ነው። ዕዳው የተገባው በእርግዝናና በወሊድ ነው፤ ልጁን ከጡት ማስጣል ዕዳውን አይከፍልም።

ዕዳ ያለባቸው እናቶች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 ከመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ከአምስት ዓመት በፊት 17 ከመቶ ነበር። በዚያው ጥናት በእርግዝናቸው የብረት ክኒን ወስደው ከሚያውቁት 42 ከመቶ እናቶች መካከል አብዛኞቹ ቶሎ አቁመዋል፤ ከሁሉም እናቶች 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ወደ ምጥ የምንገባው ባዶ በቀረበ ጎተራ ነው።

ወተቱ አይጎድልም፣ የምትጎድለው እናት ናት

ብዙ እህቶች «እኔ ካልበላሁ ወተቴ ብረት አይኖረውም» ብለው ይጨነቃሉ። የአላህ ጥበብ ግን ሌላ ነው። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት በመጠኑ ጥቂት፣ ለሕፃኑ አንጀት ግን በቀላሉ የሚገባ ነው፤ እናት ደም ቢያንሳትም ሆነ ክኒን ብትወስድ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። ክኒኑም ሆነ ጉበቱ ለወተቱ ሳይሆን ለራሷ ለእናቲቱ ነው። ይህ ትንሽ ልዩነት ቢመስልም ትልቅ ነው፤ «ልጄ ወፍሯል፣ እኔ ምንም አልሆንኩም» ብላ ክኒኗን የምትተው እናት የምትጎዳው ራሷን ነው። ደም ያነሳት እናት ትደክማለች፣ ትበሳጫለች፣ ሐዘንና ጭንቀት ይበረታባታል፤ ሕፃኑን ደጋግሞ ጡት ላይ የማድረግ አቅም ስታጣ ደግሞ ወተቱ በእርግጥም ሊቀንስ ይችላል።

ሕፃኑ በበኩሉ ከማኅፀን ይዞት የመጣው የብረት ስንቅ አለው። በጊዜውና በሙሉ ክብደት ለተወለደ ልጅ ይህ ስንቅ እስከ ስድስት ወር ገደማ ያደርሰዋል። ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች የተወለደ ልጅ ግን ስንቁ ቀድሞ ስለሚያልቅ ሐኪም የብረት ጠብታ ሊያዝለት ይችላል፤ ለእንዲህ ያለ ልጅ ስድስት ወር አይጠበቅም። ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ለሁሉም ልጅ ጡት ብቻውን አይበቃም። በአገራችን ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት 57 ከመቶው ደም አንሷቸው መገኘታቸው በዚያው የ2016 ጥናት ተመዝግቧል። በዚህ ላይ አንድ ልማድ መናገር ግድ ይላል፤ ሕፃን ልጅ ዳቦ በሻይ እየነከሩ ማብላት። ሻይ ከዳቦው የሚገኘውን ጥቂት ብረት አስሮ ያስወጣዋል። በሻዩ ፋንታ የተፈጨ ምስር፣ በደንብ የበሰለ የእንቁላል አስኳል ወይም በሚገባ በስሎ የተደቆሰ ጉበት በማንኪያ ይስጡት። ዓመት ሳይሞላው የላም ወተትን ዋና መጠጡ ማድረግም ደም ከሚያሳንሱት ነገሮች አንዱ ነው።

ጤፍ፣ ጉበትና ቀይ ስር

«እኛ ጤፍ በሊታዎች ነን፣ ብረት አይጎድለንም» የሚለው አባባል የተለመደ ነው። አዳማ ደግሞ የሉሜና የምንጃር ጤፍ የሚራገፍባት ከተማ ናት። ጤፍ በላቦራቶሪ ሲለካ ብዙ ብረት እንደሚገኝበት እውነት ነው። ነገር ግን የቆዩ የአገራችን ጥናቶች እንዳሳዩት ከዚያ ብረት ብዙው የእህሉ ሳይሆን በአውድማ ላይ በከብት እግር ሲወቃ ከሚቀላቀለው አፈር ነው፤ ጤፉ ሲታጠብ መጠኑ በጣም ይወርዳል። የአፈር ብረት ደግሞ አንጀታችን እምብዛም አይጠቀምበትም። ጤፉ ራሱ ያለው ብረትም ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር የታሰረ ነው። መልካሙ ዜና እርሾ ነው፦ ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲብላላ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ብረቱም ይፈታል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ሩዝ ተጨምሮበት በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። እንጀራውን አንንቀው፤ ብቻውን ግን አንመካበት።

በአንጀት በቀላሉ የሚገባው ብረት ያለው በሥጋ፣ በተለይም በጉበት ውስጥ ነው። ከኢብኑ ዑመር በተላለፈው ዘገባ ጉበትና ጣፊያ ደም ቢሆኑም ለእኛ ሐላል መደረጋቸው ይታወቃል። ለአራሷ በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ሳህን ጉበት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ መብዛት አያስፈልገውም፤ ጉበት ቫይታሚን ኤ በብዛት ስላለው በተለይ ነፍሰ ጡር ሴት ልታበዛው አይገባም። ደግሞም ይብሰል። ጥሬው ወይም ለብለብ ዱለቱ ትል ቢያመጣ ትርፉ ኪሳራ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው ዓሣም ይረዳል፤ ብረቱ ከቀይ ሥጋ ቢያንስም አብሮት የተበላውን የምስር ወይም የጎመን ብረት አንጀት እንዲቀበለው ያግዛል።

ሥጋ በየቀኑ የሚገዛ ቤት ጥቂት ነው፤ ዋጋው የት እንደደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን ግን በየቤቱ አሉ። የእነዚህን ብረት የሚፈታው ቫይታሚን ሲ ነው፤ በዚህ ደግሞ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የታደሉ ናቸው። የመቂና የባቱ ቲማቲም፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ሎሚ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። ጥሬ ቃሪያ በተለይ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። ምስር ወጥ ከጥሬ ቃሪያና ከቲማቲም ሰላጣ ጋር የበላች እናት ያንኑ ምስር ብቻውን ከበላችው የተሻለ ብረት ታገኛለች። ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚጠፋ ቲማቲሙ ወጥ ውስጥ ከሚበስል ይልቅ ጥሬውን ከጎን ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ድስቱም አንድ ነገር እንበል። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት በብረት ድስት የተሠራ ምግብ የተመገቡ ሕፃናት በአልሙኒየም ድስት ከተመገቡት የተሻለ ሄሞግሎቢን እንደነበራቸው አሳይቷል። የአያቶቻችን ከባድ ጥቁር ድስት ያለው ቤት አይጣለው።

ቀይ ስር ደም አይተካም። ቀለሙ ደም ስለመሰለ እንጂ የብረት መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ለአራስ በካርቶን የሚገዛው ማልትም ስኳርና ጉልበት ነው። ወተት፣ ከመተሐራ በኩል የሚመጣውን የግመል ወተት ጨምሮ፣ ለሌላ ነገር ጥሩ ምግብ ነው፤ ብረት ግን በጣም ጥቂት ነው ያለው፣ ካልሲየሙም ከምግብና ከክኒን የሚገኘውን ብረት ይጋፋል። ገንፎውና አጥሚቱ ለአራስ ኃይል ይሰጣሉ፤ ደም ግን ይመልሳሉ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ቡናው ቀድሞ ይፍላ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። ቡናና ሻይ ብረትን የሚያስሩ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ከዚያ ምግብ የሚገኘውን ብረት በሲሶ ከዚያም በላይ ሲቀንስ፣ ሻይ ከዚህም ይብሳል። የሚገርመው ግን ሰዓቱ ነው። በአንድ የታወቀ ሙከራ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና ምንም ጉዳት አላደረሰም፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን አብሮ እንደተጠጣው ያህል አግዷል።

የእኛ ሥርዓት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ምሳ ተበልቶ ሳህኑ ሳይነሳ ከሰል ይቀጣጠላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይከተላል። አራስ ጥየቃ ሲሆን ይህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሊደገም ይችላል። ቡናውን ተዉ አንልም፤ አንሰማም ነበር፣ የምትተወውም የለችም። ቡናው ጠዋት ከቁርስ በፊት ወይም ከሰዓት በኋላ በምግብ መካከል ይሁን፤ ከምሳ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ቀሸር፣ ሆጃ፣ ቀይ ሻይም በዚሁ ሕግ ይካተታሉ። ለእንግዶች አብሮ መጠጣት የግድ ከሆነ እናቲቱ ስኒውን ይዛ በፉት ብታሳልፈው የሚቀየማት ሰው አይኖርም።

ጫትን በተመለከተ ማለባበስ አያስፈልግም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንደ ሻይ ብረት የሚያስር ታኒን አለው፣ ከሚያነቃቁት ንጥረ ነገሮችም ወደ ጡት ወተት የሚያልፍ አለ። የምታጠባ እናት ከጫት ብትርቅ ለራሷም ለልጇም ነው።

ብረት ብቻ ያልሆነው ደም ማነስ

የስምጥ ሸለቆ አየር ወባ ያለበት ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በመቂና በባቱ ጤና ጣቢያዎች የሚጨናነቁት ለዚህ ነው። የወባ ተውሳክ ቀዩን የደም ሕዋስ ራሱን ያፈርሰዋል፤ ትኩሳት እያላት ክኒን ብቻ የምትውጥ እናት ጊዜዋን ታቃጥላለች። በመስኖ ቦዮችና በሐይቅ ዳር የሚገኘው ቢልሃርዚያ፣ በባዶ እግር የሚገባው የመንጠቆ ትልም በአንጀት በኩል ደም በጥቂት በጥቂቱ ያፈሳሉ። በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ለምትኖር እናት የሰገራ ምርመራ ቅንጦት አይደለም። ለእነዚህ ሕመሞች መድኃኒት አለ፤ ነገር ግን ለሐኪሙ ጡት እንደምታጠቡ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ትንሽ ሕፃን ለምታጠባ እናት የማይሰጥ የወባ መድኃኒት አለና። አጎበሩን ደግሞ እናትና ልጅ አብረው ይደሩበት።

ክኒኑ

የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ በተስፋፋባቸው አገሮች እናቶች ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የብረት ክኒን፣ ብቻውን ወይም ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ እንዲወስዱ ይመክራል። ብዙ እናቶች ግን ልጁ እንደተወለደ ክኒኑ ያበቃ ይመስላቸውና የተረፈውን መሳቢያ ውስጥ ይተዉታል። የእናቶች አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ቀጣዩን ጠይቁ።

ክኒኑ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጣል፤ ከቡና፣ ከሻይና ከወተት ይራቅ። ሰገራ ይጠቁራል፤ ይህ የብረቱ ቀለም ነውና አያስደንግጥ። ሆድ ካቃጠለ ወይም ካደረቀ ከምግብ ጋር ወይም ማታ ሲተኙ መውሰድ ይረዳል፤ ካልሆነም ባለሙያው በአንድ ቀን ልዩነት እንዲወሰድ ሊያደርገው ይችላል። «ክኒኑ ጥርስ ያበልዛል» የሚባለው በእኛ አካባቢ ሌላ መነሻ አለው፤ የስምጥ ሸለቆን ሰው ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው በጉድጓድ ውሃው ያለው ፍሎራይድ ነው። ተውጦ የሚወሰድ ክኒን ጥርስ አይነካም። ሽሮፑ ግን ለጊዜው ሊያጠቁር ስለሚችል አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ጥሩ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ካፕሱል የጄላቲኑ ምንጭ ካሳሰባችሁ በክኒን ወይም በሽሮፕ መልክ ያለውን ጠይቁ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ የብረት ክኒን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ከረሜላ መስሎት ጥቂት ፍሬ የዋጠ ልጅ ሊሞት ይችላል። ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ፤ ልጅ ከዋጠ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይሮጥ።

ረመዷን ሲመጣ

አላህ (ሱ.ወ) ጾምን ከነፍሰ ጡርና ከምታጠባ ሴት ላይ እንዳቀለለ በሐዲሥ ተላልፏል። ዝርዝሩ በመዝሀቦች ይለያያል። በሻፊዒ መዝሀብ ለራሷ የፈራች እናት ቀዷ ታወጣለች፤ ለልጁ ብቻ ፈርታ ካፈጠረች ቀዷውም ፊድያውም አለባት። በሐነፊ ቀዷው ብቻ ነው። የራሳችሁን ሁኔታ ሐኪምም ዓሊምም ጠይቁበት። ደም ማነሷ በምርመራ የታወቀ እናት «እችላለሁ» ብላ ራሷን የምትፈትንበት ጉዳይ ግን አይደለም፤ የተሰጠን ሩኽሳ መጠቀም የእምነት ድክመት አይሆንም።

የምትጾም ከሆነ ቴምሩና ሾርባው ጥሩ ናቸው፤ በኢፍጧር ላይ የሚከተለው ሻይ ግን ከተራዊሕ በኋላ ይቆይ። ክኒኑ ከመኝታ በፊት ወይም በሱሑር በውሃ ይዋጥ። ለምርመራ ከጣት የሚወሰድ ጥቂት ደም ጾም አያበላሽም የሚለው የብዙ ዑለማዎች አቋም ነው።

በልጆች መካከል ያለው ርቀትም የብረት ጉዳይ ነው። አል-በቀራ 233 ላይ የተጠቀሰው የሁለት ዓመት ማጥባትና የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና የሚመክረው 24 ወር ይገጣጠማሉ። ጎተራው ሳይሞላ ሌላ እርግዝና ከመጣ ዕዳው ይደራረባል። ስለ መከላከያ ስትነጋገሩ ደግሞ ከመዳብ የሚሠራው ሉፕ የወር አበባን ሊያበዛ እንደሚችል አስቡበት፤ ደም ላነሳት ሴት ሌላ አማራጭ ይሻላል።

ደሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ፣ ተቀምጣችሁ ሳለ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ራስን መሳት ካለ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። የከንፈርና የዐይን ቆብ ውስጥ መንጣት፣ አፈር ወይም በረዶ የመብላት አምሮት፣ የማይለቅ ድካም ደግሞ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ናቸው። ባሎችም ይህን አንቀጽ ያንብቡት፤ ብዙ ጊዜ የሚስቱን መንጣት ቀድሞ የሚያየው ባል ነው።

ሁሉም እናት ልጇን ይዛ የምትሄድበት አንድ ቀን አለ፤ የ45 ቀን ክትባት። የልጁን ካርድ ስትሰጡ «የእኔም ሄሞግሎቢን ይታይልኝ» በሉ። ለምታጠባ እናት ከ12 በታች ደም ማነስ ይባላል፤ ከ8 በታች ከባድ ነው። የከፍታ ቦታ ሰው ደሙ በተፈጥሮ ስለሚበዛ የአሰላ 12 እና የመተሐራ 12 እኩል አይደሉም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ለምትኖሩበት ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁት፤ የክኒኑንም ቀጠሮ በዚያው አስጽፉ።